የማይግሬን መከላከያ መድኀኒት እንዴት ይፈተናል? (ከጭሮና ከምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አኳያ)

መግቢያ

አንድ መድኀኒት «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ በማስረጃ ማጽናት ግን ከባድ ነው። ክብደቱም በተለይ የሚታወቀው በሽታው መጥቶ የሚሄድ ሲሆን ነው። ወባ የያዘው ሰው ደሙ በማይክሮስኮፕ ታይቶ መዳኑ ይረጋገጣል፤ የተሰበረ አጥንት መግጠሙ በራጅ ይታያል። ማይግሬን የተባለው ራስ ምታት ግን በደምም በራጅም አይገኝም፤ ምስክሩ ሕመምተኛው ራሱ ነው። ከዚህም በላይ፥ ምንም ሕክምና ሳይደረግ አንዱ ወር ሲከፋ ሌላው ወር ይሻላል። እንግዲህ ሕመሙ የቀነሰው በመድኀኒቱ ኀይል ነው ወይስ በገዛ ጊዜው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጥያቄ በምን ዘዴ መልስ እንደሚያገኝ ማስረዳት ነው፤ ቀጥሎም ዘዴው በጭሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ) እና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሥራ ላይ ቢውል ምን ምን መጠበቅ እንደሚገባ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. የበሽታው ጠባይና ብዛቱ

ማይግሬን ማንኛውም ራስ ምታት አይደለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን የራስ ክፍል ይጀምራል፤ እንደ ልብ ትርታ ይመታል፤ ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲራመዱ ይብሳል። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያስከትላል፤ ሕመምተኛው ብርሃንና ድምፅ ይጠላል፤ በጨለማ ክፍል መተኛት ይመርጣል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቈይ ይችላል። አንዳንዶች ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት በዐይናቸው ፊት የሚያብረቀርቅ የተሰባበረ መስመር ያያሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ የሚበረታውም በሥራና በልጅ ማሳደጊያ ዕድሜ ነው።

በአገራችን ሰው «ራሴን ፈለጠኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለዚሁ ሕመም ነው። ነገር ግን አንዱ «ሳይነስ ነው»፥ ሌላው «የዐይን ድካም ነው»፥ ሦስተኛው «የደም ግፊት ነው» እያለ ትክክለኛው ስም ሳይሰጠው ዓመታት ያልፋሉ።

ስለ ምክንያቱ ቀድሞ የነበረው አስተሳሰብ የራስ ደም ሥሮች መጥበብና መስፋት ነው የሚል ነበር። ዛሬ ግን ዋናው ነገር ከፊትና ከአንጎል ሽፋን ስሜትን የሚወስደው ትራይጀሚናል የተባለው ነርቭ መቀስቀሱ እንደ ሆነ ይታመናል። ይህ ነርቭ ሲቀሰቀስ ሲጂአርፒ የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ጎድስቢና ኤድቪንሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋራ በ1990 ባወጡት ጥናት፥ በማይግሬን ጊዜ ከራስ በሚመለሰው ደም ውስጥ የዚህ ንጥረ ነገር መጠን ከፍ እንደሚል አሳዩ። ለዚህና ለተመሳሳይ ሥራዎች በ2021 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ የአንጎል ምርምር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

የበሽታው ብዛት በኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ በሰፊው ተቈጥሯል። በ1995 የታተመውና ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋራ በመስቃንና ማረቆ ገጠር ቤት ለቤት ያካሄዱት ጥናት፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን ያገኛቸውን ሰዎች ከ100 አዋቂዎች 3 ያህል አድርጎ አገኘ። በ2016 የታተመው፥ እሳቸውም የተካፈሉበት ሁለተኛው ጥናት ግን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ወደ 2,400 የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ ቍጥሩን ከ100 ወደ 18 (በትክክሉ 17.7) አደረሰው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት እጥፍ ያህል ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የሕዝቡ ራስ ስድስት እጥፍ መታመም ጀመረ ብሎ መደምደም ያስቸግራል። የጥያቄው አቀራረብ፥ የበሽታው መለያ መስፈርትና የተጠየቁት ሰዎች ኑሮ ሁሉ ቍጥሩን ሊለውጡት ይችላሉ። ይህን አስቀድመን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መድኀኒት የሚፈትን ሰው ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ዐይነት ቍጥር ነውና። አቈጣጠሩ ከተበላሸ መድኀኒቱ የተፈተነ መስሎ ይቀራል እንጂ አልተፈተነም።

2ኛ. ማስታገሻና መከላከያ

የማይግሬን መድኀኒቶች ሁለት ወገን ናቸው። ማስታገሻ የሚባሉት ሕመሙ ሲነሣ የሚዋጡ ናቸው፤ ፓራሲታሞል፥ አስፕሪን፥ ኢቡፕሮፌን፥ ዲክሎፌናክ እነዚህን ይመስላሉ። መከላከያዎቹ ግን ራስ ቢያምም ባያምም በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው፤ ዓላማቸውም የሕመሙን ቀናት ማሳነስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዙት ሕመሙ በወር 4 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ወይም ሥራን ሲያስፈታ ነው።

መከላከያ ያስፈለገበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ማስታገሻው ራሱ ነው። ከሦስት ወር በላይ፥ በየወሩ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ተራ ማስታገሻ የሚውጥ ሰው መድኀኒቱ ራሱ የሚያመጣው የዘወትር ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ሰውየው ስላመመው ይውጣል፤ ስለዋጠ ደግሞ ያመዋል። ክኒን ያለ ማዘዣ በሚገኝበት ከተማ ይህ ክብ በቀላሉ አይሰበርም።

የመከላከያዎቹ ታሪክ የድንገት ታሪክ ነው። ሜቲሰርጃይድ የተባለው በ1959 በጣሊያናዊው ሐኪም በሲኩቴሪ ሲቀርብ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ በወሰዱት አንዳንድ ሰዎች ሆድ ውስጥ ጠባሳ መሳይ ነገር ማብቀሉ ስለ ታወቀ ከብዙ አገር ገበያ ወጣ። ፕሮፕራኖሎል ለልብ ሕመም የተሠራ መድኀኒት ነው። በ1966 በራብኪንና በባልደረቦቹ የታተመ የልብ ሕመም ጥናት፥ ለልቡ ሲታከም ማይግሬኑ የተሻለውን አንድ ሰው ጠቀሰ። ከዚያች አንዲት ምልከታ ተነሥተው ሌሎች በ1972 መድኀኒቱን ለማይግሬን በቀጥታ ፈተኑት። የአእምሮ ጭንቀት መድኀኒት የሆነው አሚትሪፕቲሊንና የሚጥል በሽታ መድኀኒት የሆነው ቶፒራሜትም የመጡት ከሌላ በሽታ ነው። ለማይግሬን ብቻ ታስበው የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መከላከያዎች በሲጂአርፒ ላይ የሚዘምቱት መርፌዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ኤሬኑማብ በ2018 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዋጋቸው ግን እጅግ ከፍ ያለ ነው።

አንድ የተሻለው የልብ ሕመምተኛ ጥያቄ አስነሣ እንጂ መልስ አልሰጠም። መልሱ የተገኘው በፈተና ነው።

3ኛ. የግለሰብ ምስክርነት ስለምን አይበቃም?

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሂርና መምህር በወር 4 ቀን ያህል ራሱን ያመዋል እንበል። በአንድ ክፉ ወር ሕመሙ 9 ቀን ሆነበትና ጭሮ ወርዶ ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ክኒን ተሰጠው። በሚቀጥለው ወር ሕመሙ 4 ቀን ሆነ። መምህሩ «ክኒኑ አዳነኝ» ይላል፤ ሐኪሙም ደስ ይለዋል። ነገር ግን 4 ቀን የቀድሞ ልኩ ነው። ክኒን ባይወስድም ወደ ልኩ መመለሱ አይቀርም ነበር። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲብስበት ስለ ሆነ፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። ይህን የስታቲስቲክስ ሰዎች ወደ አማካይ መመለስ ይሉታል።

ሁለተኛው ምክንያት ተስፋ ነው። ይሻለኛል ብሎ የሚያምን ሰው ሕመሙ በእውነት ይቀልለታል፤ ይህ ማታለል ወይም ውሸት ሳይሆን የአንጎል ሥራ ነው። ሦስተኛው፥ መታከም የጀመረ ሰው እግረ መንገዱን እንቅልፉንና ምግቡን ያስተካክላል። አራተኛው ደግሞ ትዝታ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት ስንት ቀን እንዳመመን በትክክል የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

ለዚህ ሁሉ የተገኘው መፍትሔ ሁለት ወገን ማነጻጸር ነው። አንደኛው ወገን መድኀኒቱን፥ ሁለተኛው በመልክ፥ በመጠንና በጣዕም ፍጹም የሚመስለውን ነገር ግን መድኀኒት የሌለበትን ባዶ ክኒን ይወስዳል። ወደ ልክ መመለሱም፥ ተስፋውም፥ የኑሮ ለውጡም፥ የትዝታ ስሕተቱም በሁለቱም ወገን እኩል ይሠራሉ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የመድኀኒቱ ድርሻ ነው።

ይህ ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2004 የታተመው የቶፒራሜት ፈተና በደንብ ያሳያል። በቀን 100 ሚሊግራም ከወሰዱት ውስጥ ማይግሬናቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ከ100 ሰዎች 49 ነበሩ። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ግማሹ ዳነ» ይላል። ነገር ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱትም ከ100 ሰዎች 23 እንዲሁ በግማሽ ቀንሶላቸዋል። እንግዲህ የመድኀኒቱ የራሱ ድርሻ 26 ነው፤ ማለትም ከአራት ሰዎች አንዱ ያህል። በ2017 በታተመውና 955 ሰዎች በተካፈሉበት የኤሬኑማብ ፈተናም፥ በፊት በወር 8 ቀን ያህል ይታመሙ ከነበሩት መካከል ከፍ ያለውን መጠን የወሰዱት 3.7 ቀን ሲቀንስላቸው፥ ባዶውን መርፌ የተወጉት 1.8 ቀን ቀንሶላቸዋል። የተጣራው ትርፍ በወር ሁለት ቀን ያህል ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው በዚያው ዓመት የታተመው የሕፃናትና የወጣቶች ፈተና ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ 361 ልጆች አሚትሪፕቲሊን፥ ቶፒራሜት ወይም ባዶ ክኒን በዕጣ ተሰጣቸው። የራስ ምታት ቀናቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው በአሚትሪፕቲሊን ከ100 ልጆች 52፥ በቶፒራሜት 55፥ በባዶው ክኒን 61 ሆኑ። ለማነጻጸሪያ የሚሆን ባዶ ክኒን ባይኖር ኖሮ «ሁለቱም መድኀኒቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ልጆች ረዱ» ተብሎ በየአገሩ ይነገር ነበር።

4ኛ. የፈተናው ሥርዐት

መልካም የመከላከያ መድኀኒት ፈተና አምስት ነገሮችን ይጠብቃል።

ሀ) መነሻ ጊዜ። ተካፋዩ መድኀኒት ሳይጀምር ቢያንስ አራት ሳምንት በየቀኑ የሕመሙን ማስታወሻ ይይዛል። ያመመበትን ቀን፥ የቈየበትን ሰዓት፥ የሕመሙን ብርታትና የዋጠውን ማስታገሻ ይመዘግባል። መነሻው ካልታወቀ መቀነሱ አይታወቅም።

ለ) ዕጣ። ማን መድኀኒቱን፥ ማን ባዶውን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ነው እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ሐኪሙ ቢመርጥ የሚያዝንላቸውን ለመድኀኒቱ ያደላ ነበርና።

ሐ) ስውርነት። ሕመምተኛውም፥ ቀናቱን የሚቈጥረውም ሰው ክኒኑ የትኛው እንደ ሆነ አያውቁም። ፕሮፕራኖሎል የልብን ትርታ ስለሚያዘገይ፥ ትርታ የሚለካው ነርስ ምስጢሩን ሊገምት ይችላል። ስለዚህ ትርታ የሚለካውና የሕመም ማስታወሻውን የሚሰበስበው ሰው የተለያዩ መሆን አለባቸው።

መ) በቂ ጊዜ። መከላከያ መድኀኒት በአንድ ሳምንት ጕልበቱን አያሳይም። ፈተናው ቢያንስ 12 ሳምንት ይፈጃል።

ሠ) አስቀድሞ የተወሰነ መለኪያና የተሟላ ቈጠራ። ዋናው መለኪያ በወር የማይግሬን ቀናት ቍጥር መሆኑ ከመጀመሪያው ተጽፎ ይቀመጣል። አቋርጠው የሄዱትም በደረሳቸው ዕጣ ወገን ይቈጠራሉ፤ መድኀኒቱ ያልተስማማቸው ወጥተው የቀሩት ብቻ ቢቈጠሩ ውጤቱ ያማረ ሐሰት ይሆናል።

5ኛ. ፈተናው በጭሮ ቢካሄድ

ጭሮ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፥ በጨርጨር ተራራማ አገር የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጨርጨርን ካስተዳደሩት አንዱ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ስለ ነበሩ፥ ሕክምናና አስተዳደር በዚህች ከተማ የተገናኙት ጥንት ነው። ዛሬ ሆስፒታል አላት፤ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም በዚያው ይገኛል። ሂርና በስተምሥራቅ፥ ገለምሶና በዴሳ በስተደቡብ፥ ሚኤሶ በቈላው በባቡሩ መስመር ላይ ናቸው። አገሩ የቡናና የጫት አገር ነው።

ከላይ የተጠቀሱት ፈተናዎች የተካሄዱት በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ፥ ጫት በማይቅም ሕዝብ መካከል ነው። ስለዚህ በጭሮ የሚጠየቀው ጥያቄ «ፕሮፕራኖሎል ማይግሬንን ይከላከላል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ ይህ ተመልሷል። ጥያቄው «በየቀኑ ለሚቅም ሰውስ ይሠራል ወይ? ጉዳትስ የለውም ወይ?» የሚለው ነው። ፕሮፕራኖሎል ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለማይግሬን መከላከያ በመሠረታዊ መድኀኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። የወረዳ ጤና ጣቢያ ሊያድለው የሚችለውም ይህን የመሰለው ነው እንጂ ውዱ መርፌ አይደለም።

ጫት ለምን ጕዳዩን ያወሳስበዋል? በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በሰውነት ውስጥ ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ትርታንና የደም ግፊትን ያነሣል። ፕሮፕራኖሎል ደግሞ የዚሁ ንጥረ ነገር ከሚቀበሉት በሮች አንዱን ወገን ይዘጋል። ትርታውን ቢያረጋጋም፥ ደም ሥርን የሚያጠበው ሌላው በር ክፍት ስለሚቀር፥ በምርቃና ሰዓት የደም ግፊት ሊወጣ ይችላል የሚል ስጋት አለ። ስለዚህ ግፊት በጧት ብቻ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፥ በበርጫ ጊዜም መለካት አለበት። በተጨማሪም ጫት እንደ አምፒሲሊን ያሉ መድኀኒቶች ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገቡ እንደሚቀንስ በየመን የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ክኒኑ ከበርጫ በፊት ብዙ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲዋጥ ማድረግ ጥንቃቄ ነው። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ የእንቅልፍ ማጣትም ማይግሬን ይቀሰቅሳል። ያልቃመ ቀን ደግሞ ሐራራው ራሱ ራስ ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ተካፋዮቹን በየቀኑ የሚቅሙ፥ አልፎ አልፎ የሚቅሙና የማይቅሙ ብሎ መክፈልና በየክፍሉ ለየብቻ ዕጣ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የተቃመበት ቀንም በማስታወሻው ላይ ይመዘገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጾም ነው። በረመዳን ወር የማይግሬን ቀናት እንደሚበዙ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ረኀቡ፥ ውሃ ጥሙ፥ የቡና መቋረጡና የእንቅልፍ ሰዓት መለወጡ ሁሉ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። መነሻው ወር ረመዳን ላይ ቢውልና የፈተናው ወራት ከዒድ በኋላ ቢሆኑ፥ ባዶውም ክኒን ተአምረኛ መድኀኒት ይመስላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚቀድም፥ የሥራው መርሐ ግብር ሲወጣ አስቀድሞ ሊታይ ይገባዋል። የክርስቲያኑም ጾም እንዲሁ ይመዘገባል።

ሦስተኛው የማስታወሻው አያያዝ ነው። መጠይቁ በኦሮምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ፥ በሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ተመልሶ መነጻጸር አለበት። መጻፍ ለማይችሉ ምልክት የሚደረግበት የሥዕል ሠንጠረዥ፥ ወይም ባመመበት ቀን አንድ የቡና ፍሬ በጣሳ መጨመር ይበቃል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለ ሆነ ለቈጣሪው ይመቻል፤ የውጭ አገር ፈተናዎች ግን ብዙ ጊዜ በ28 ቀን ስለሚቈጥሩ፥ ሲነጻጸር ሒሳቡ መስተካከል አለበት።

አራተኛው የተካፋዮች ደኅንነት ነው። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አይሰጠውም፤ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊያጠብበት ይችላልና። ማስታገሻ አብዝተው የሚወስዱ ተለይተው ይመዘገባሉ። ባዶ ክኒን የደረሳቸውም ሕመሙ ሲነሣ ማስታገሻ አይከለከሉም። ለሴቶች በተለይ የመድኀኒቱ ምርጫ ከባድ ጕዳይ ነው፤ ቫልፕሮዬትና ቶፒራሜት በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ስለሚጐዱ፥ መውለድ በምትችል ሴት ላይ እንደ ቀላል ነገር አይሞከሩም። ሥራው የሥነ ምግባር ኮሚቴን ፈቃድ፥ የኢትዮጵያ ምግብና መድኀኒት ባለሥልጣንን ፈቃድና የእያንዳንዱን ተካፋይ በቋንቋው የተሰጠ ስምምነት ይፈልጋል።

በመጨረሻም የተካፋዮቹ ቍጥር ይታሰባል። በባዶው ክኒን ከ100 ሰዎች 25፥ በመድኀኒቱ 45 ይሻላቸዋል ብለን ብንገምት፥ ይህን ልዩነት በተለመደው የስታቲስቲክስ ልክ ለማረጋገጥ በእያንዳንዱ ወገን 86 ሰው ያህል ያስፈልጋል። አንድ አምስተኛው ያቋርጣል ብለን ብናስብ 108፥ በጠቅላላው 216 ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ያህል ቢሆን፥ ማለትም 25 በ35፥ በየወገኑ የሚያስፈልገው 325 ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል ሠላሳ ሰው አክሞ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ማለት ሁለቱም ድፍረት ነው። ጭሮ፥ ሂርና፥ ገለምሶ፥ በዴሳና ሚኤሶ በአንድ ሥርዐት ተባብረው ሲሠሩ ግን ቍጥሩ የማይደረስበት አይደለም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከተው የማይግሬን መከላከያ መድኀኒት የሚፈተነው በዳኑ ሰዎች ምስጋና ሳይሆን፥ በሁለት ወገን በተቈጠሩ የሕመም ቀናት ልዩነት ነው። የሚገኘውም ትርፍ ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ነው። ነገር ግን በወር ሁለት የሕመም ቀን የቀነሰላት የገለምሶ ነጋዴ በዓመት 24 የገበያ ቀን ታተርፋለች፤ ያን ያህል ቀን ልጆቿ ያለ እናት በጨለማ ቤት አይውሉም። ለእሷ ትርፉ መካከለኛ አይደለም።

ስለዚህ ለምዕራብ ሐረርጌ የሚያስፈልገው አዲስና ውድ መድኀኒት መጠበቅ ብቻ አይደለም። በእጅ ያለው ርካሽ መድኀኒት በአገሩ ልማድ፥ በጫቱ፥ በጾሙና በቋንቋው መካከል በትክክል ቢፈተን ሐኪሙ የሚያዝዘው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። የሥራው መጀመሪያም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በየቀኑ ሳይታክቱ ምልክት የሚደረግበት አንድ ወረቀትና በቅን ልብ የሚቈጥር ሰው ናቸው። በመድኀኒት ቅመማ፥ በሕክምናና በስታቲስቲክስ ትምህርት ላይ ያለን ተማሪዎች በጋራ ልንጀምረው የምንችለው ሥራ ይኸው የአንድ ወር የመነሻ ቈጠራ ነው።